ጉልቻ፣ ጎታና ጀበና፦ የቤት ዕቃ ስለ ጎጃም የሁከት ዘመናት የሚሰጠው ምስክርነት



«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ሹም ሲሻርና ሹም ሲተካ፣ መንግሥት ሲወድቅና መንግሥት ሲነሣ የሀገራችን ሰው ትዝብቱን የገለጸው ከማጀት በወሰደው ምሳሌ ነው። እኛ የታሪክ ሰዎች ተረቱን ደጋግመን እንጠቅሳለን፤ ጉልቻውን ግን ዞር ብለን አናየውም። ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ ሦስቱ ጥላሸት የለበሱ ድንጋዮችና በዙሪያቸው ስለሚኖሩት ዕቃዎች ነው፤ ስለ ምጣዱ፣ ስለ ጎታው፣ ስለ እንስራው፣ ስለ ጀበናው፣ በመደብ ሥር ስለ ተቀበረው ብር። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ጉልቻ በእርግጥ ሲለዋወጥ በቤቱ ውስጥ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም? ካለስ፣ ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አፈሩን የሚመረምር ሰው ሊያየው ይችላል?

ጥያቄው ለጎጃም ባዕድ አይደለም። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ መንቆረርን ከቆረቆሩ ወዲህ፣ ከተማዋም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ደብረ ማርቆስ ከተባለች ወዲህ ይህ ምድር ያላየው የሠራዊት ዓይነት የለም። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ነገሡ፤ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ በምኒልክ ተሸንፈው ተማረኩ። በ1880 ዓ.ም. ሠራዊታቸው በሳር ውሃ ከመሐዲስቶች ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አፄ ዮሐንስ ንጉሡን በክህደት ጠርጥረው ጎጃም ገቡ፤ አገሩም ጠፋ። ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ረኃብና የከብት እልቂት የመጣው በዚሁ ቁስል ላይ ነው። ከዚያ በኋላም ጣሊያን መጣ፣ የአርበኞች ጦርነት ሆነ፣ በ1960 ዓ.ም. ገበሬው ተነሣ፣ አብዮቱ ፈነዳ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከጽሑፍ ነው። ለጎጃም ዕድለኞች ነን ማለት ይቻላል፤ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን የመሰለ፣ በልጅነቱ ተማርኮ መጥቶ በንጉሡ ቤት ያደገ፣ ሠዓሊም ጸሐፊም የሆነ ሰው የአገሩን ታሪክ ትቶልናል። ይሁን እንጂ ዜና መዋዕልም ሆነ የአለቆች ጽሑፍ የሚነግረን ንጉሡ የት እንደ ሰፈረ ነው። ንጉሡ በሰፈረበት መንደር የነበረችው ሴት እህሏን የት እንደ ደበቀች አይነግረንም። አሜሪካዊው የቁፋሮ ሊቅ ጄምስ ዲትዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስተማሩት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ሰዎች ሊጽፉት ቁም ነገር ያልመሰላቸው፣ ነገር ግን ዕለት ዕለት በእጃቸው የያዙት ትንሽ ዕቃ፣ ሊጽፉ ካሰቡት በላይ ይናገራል። የተጻፈ ምስክር አንባቢ እንዳለው ያውቃል። የተሰበረ ድስት ግን ማንም ያየኛል ብሎ አልተሰበረም።

እስቲ አንድ የደጋ ቤት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ሣር ነው። በግራ በኩል ወፍጮው ከነመጁ፣ በስተጀርባው በጭቃ፣ በጭድና በእበት የተሠሩ ጎታና ድብኝት፣ በመካከሉ ምድጃው፣ በጥጉ ጠላ የሚጠመቅበት ጋን፣ በግድግዳው ላይ አገልግልና ሰፌድ፣ በቆጡ ላይ አቁማዳና ስልቻ። አሁን ሠራዊት መጣ ተባለ። ከዚህ ቤት ምን ይወጣል? ምንስ ይቀራል?

ቁርበቱ ተጠቅልሎ ይወጣል። አቁማዳው ተሞልቶ በአህያ ይጫናል። ማረሻው ከሞፈሩ ይነቀላል፤ ብረት ነውና። ከብቱ ይነዳል። ወፍጮው ግን በቦታው ይቀራል፤ ሁለት ሰው የማያነሣውን ድንጋይ ተሸክሞ ቆላ የሚወርድ የለም። ጋኑም ይቀራል፤ ምጣዱም ከብዙ መንገድ ይሰበራል። ቁፋሮ አጥኚው ስለዚህ የሚያገኘው የሸሸውን ሰው ንብረት አይደለም፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ሊሸከሙት ያልቻሉትን ነው። የተገኘውን ዕቃ ከመቁጠር ይልቅ የጎደለውን መቁጠር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አንድ ቤት ቀስ በቀስ የተለቀቀ እንደ ሆነ ባለቤቱ ተመላልሶ ሁሉን ያወጣል፤ ጉልቻው እንኳ ለአዲሱ ምድጃ ይወሰዳል፤ ለእኛ የሚቀረን ስብርባሪና አመድ ነው። በድንገት የተለቀቀ ቤት ግን ገና የሚያገለግሉ ዕቃዎች በየቦታቸው የቆሙበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በፈቃድ በመሄድና በመሸሽ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ጽሑፍ ቢጠፋ እንኳ ይህን ከወለሉ ላይ ማንበብ ይቻላል።

ከዚህ የሚያስገርመው ደግሞ የእሳት ነገር ነው። የጭቃ ጎታ ያልተጠበሰ ሸክላ ነው፤ ጣሪያው ካረጀና ዝናብ ካገኘው በጥቂት ክረምት ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። በሰላም የኖረ፣ በሰላም ያረጀ ገበሬ ጎታ ለታሪክ አይደርስም። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ጎታ ግን በእሳቱ ተጠብሶ እንደ ገል ይጠነክራል፤ የጭዱ ቅርጽ፣ የሠሪዋ የጣት አሻራ ሳይቀር በላዩ ይቀራል። በውስጡ የነበረው እህልም ከስሎ ከሆነ አይበሰብስም፤ ጤፉ ጤፍ፣ ገብሱ ገብስ ሆኖ በማጉያ መነጽር ይለያል። ገና ያልተወቃ ነዶ ከሆነ ወራቱ የመኸር ሰሞን ነው፤ ተበጥሮ የተቀመጠ ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው። ሠራዊት በሀገራችን ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል፣ አዝመራው ሲደርስ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ስናስብ፣ አንድ እፍኝ የከሰለ እህል የዘመቻውን ወር ሊነግረን ይችላል ማለት ነው። አጥፊው ያጠፋውን ነገር ለእኛ ጠብቆ ያቆየበት ይህ አካሄድ ደስ የሚል አይደለም፤ ነገር ግን ሙያችን በአብዛኛው የቆመው በእንዲህ ዓይነቱ ጥፋት ላይ ነው።

ሠራዊቱ ለምን ወደ ማጀት እንደሚመጣ መረዳትም ያስፈልጋል። የዘመኑ ወታደር ደመወዝ የለውም፤ የሚቀለበው ከባላገሩ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ኮልክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ከ1840ዎቹ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የነበረውን የወታደርና የገበሬ ግንኙነት አዳኝ ከታዳኙ ጋር ባለው ግንኙነት መስለው አሳይተዋል። ገበሬው የወንዙ ማዶ ጠላትና የራሱ ንጉሥ ሠራዊት በጎታው ላይ የሚያደርሱት ልዩነት ብዙም አልታየውም። ስለዚህ መልሱን በአፈር ውስጥ ቆፈረ። አፉ የጠበበ፣ ሆዱ የሰፋ የእህል ጉድጓድ በአመድና በጭድ ይበጃል፤ እህሉ ይገባበታል፤ አፉ በድንጋይ ተከድኖ አፈር ይለብሳል፤ በላዩም ከብት ይታሰርበታል። በጉድጓድ የኖረ እህል ሽታው እንደሚለወጥ፣ ጥቂትም እንደሚበላሽ ማንም ያውቃል። ቤተሰቡ ይህን ኪሳራ አስቀድሞ የተቀበለው ሁሉን ከማጣት ይሻላል ብሎ ነው። እኔ በበኩሌ የእህል ጉድጓድን የማየው እንደ ፖለቲካ ሰነድ ነው። አንድ መንደር ጎታውን በቤቱ አቁሞ ሲያድር በጎረቤቱም በሹሙም ላይ ያለውን እምነት ያሳያል፤ እህሉን ወደ መሬት ሲያወርድ ያ እምነት ማለቁን ያሳያል።

ከእህሉ ቀጥሎ የሚቀበረው ገንዘብ ነው። በዚህ ረገድ ከሮም ታሪክ አንድ ነገር እንዋስ። ማይክል ክሮፎርድ የተባሉት የሳንቲም ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 በጣሊያን ምድር የተገኙትን የተቀበሩ የገንዘብ ክምችቶች በዘመን ደርድረው ሲያዩ፣ ቁጥሩ የሚያሻቅበው ከሃኒባል ጦርነት ጀምሮ እስከ ሪፐብሊኩ መጨረሻ የእርስ በርስ ጦርነቶች ድረስ በጦርነት ዓመታት ሆኖ አገኙት። ምክንያቱ ሰዎች በጦርነት ጊዜ ብቻ ገንዘብ ስለሚቀብሩ አይደለም። ሰው በሰላሙም ጊዜ ይቀብራል፤ ግን ተመልሶ ያወጣዋል። ለእኛ የሚቀረው ባለቤቱ ተመልሶ ያልመጣበት ነው። አንድ የጎጃም ገበሬ እርሻው ላይ የብር ክምችት ባገኘ ጊዜ በመንደሩ የሚነሣው ወሬ ስለ ዕድሉ ነው፤ ብሩን ከቀበሩት እጆች መካከል አንዱ እንኳ ያልተመለሰው ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ችግሩ ብሩ ዘመኑን አለመናገሩ ነው። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚስቁበት ነገር ነውና እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በሀገራችን ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይሠራበት የነበረው የማርያ ቴሬዛ ብር ሁሉ 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ተመታ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሣ የመቅረጫውን መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ ያስመታው ብር እንኳ 1780 ይላል። ስለዚህ በአንድ ገንቦ ውስጥ የተገኘ ብር የእምባቦ ጊዜ ይሁን የአርበኞች ጊዜ ቁጥሩ አይለየውም። ከጦርነቱ በኋላ አዲስ ገንዘብ ሲወጣ እንገላገላለን ስንል፣ በአንድ ወገን ንጉሠ ነገሥቱ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ ያለበት ሳንቲም ፲፱፻፴፮ ተብሎ ወጣ፤ እስከ አብዮቱ ድረስም በዚያው ዓመት ጸና። ደርግ ዘውዱን አንሥቶ የሚያገሳ የአንበሳ ራስ፣ ገበሬና ወታደር ያለበትን ሳንቲም በ1969 ዓ.ም. አወጣ፤ እርሱም ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ እንኳ 1969 እያለ መመታቱን ቀጠለ። ሦስት መንግሥታት፣ ሦስት የቆሙ ሰዓቶች። ሳንቲሙ የሚነግረን የሥርዓቱን መልክ እንጂ የቀብሩን ዘመን አይደለም።

ነገር ግን ትንንሽ ምልክቶች አሉ። የ1936ቱ ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ዙሪያው ክብ ነበር፤ በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ የተከፋፈለ ሆነ፤ ዓመቱ ግን አልተለወጠም። የጠርዙን ቅርጽ የሚያይ ሰው ቁጥሩን ከሚያነብ ሰው የበለጠ ያውቃል። ከብሩ ጋር የነበረው አሞሌ ጨው ደግሞ ጨርሶ አይገኝም፤ በመጀመሪያው ክረምት ይቀልጣል። በጎጃም ገበያ ለብዙ ዘመን ከብር ይልቅ በብዙ እጅ ያለፈው አሞሌ መሆኑን ስታስቡ፣ በቁፋሮ የምናገኘው ምን ያህል የሀብታሙ ታሪክ እንደ ሆነ ትረዳላችሁ።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ቦታ ልውሰዳችሁ። ጎጃም አይደለም፤ ከዓባይ ማዶ በሰሜን ሸዋ ነው። በዘረት አካባቢ አመጸኛ ዋሻ የሚባል ትልቅ ዋሻ አለ። በ1931 ዓ.ም. በደጃዝማች ተሾመ ሽንቁጥ ከሚመሩት አርበኞች ጋር ግንኙነት የነበራቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሽማግሌዎችም ጭምር፣ በዚህ ዋሻ ተጠግተው ነበር። የጣሊያን ጦር ከበባቸው፤ በመርዝ ጋዝ መታቸው፤ ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ባሉት ቀናት እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች ረሸነ። ነገሩን ከጣሊያን መዛግብት አውጥቶ ዋሻውን ለተመራማሪዎች ያሳወቀው የታሪክ ጸሐፊው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ነው። ከዚያ በኋላ አልፍሬዶ ጎንሳሌዝ ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌና ሹርሾ አያን ቪላ ዋሻውን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙ።

ዋሻው ደረቅ ነው። ስለዚህ በሜዳ ላይ ፈጽሞ የማይገኘው ነገር እዚያ ተገኘ። የሰው ዐፅምና የጥይት ቀለሃ ነበረ፤ ይህ ከጦርነት ቦታ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ የበለጠው ግን የማጀት ዕቃ ነው፤ የሸክላ ዕቃ፣ የእህል ማስቀመጫ፣ የስፌትና የቆዳ ቅሪት። አርበኛ ስንል በሥዕልም በሐውልትም የምናየው ጎፈሬውን ያሳደገ፣ ዝናር የታጠቀ ወንድ ነው። አመጸኛ ዋሻ የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ሊዋጉ ብቻ አልመጡም፤ ቤታቸውን ተሸክመው መጡ። ያን ሸክላ በገደል መንገድ ማን አወረደው? ለመቶዎች እንጀራ የጋገረው፣ ውኃ የቀዳው፣ ያለ ብዙ ጭስ ያበሰለው ማን ነው? የጥይት ቀለሃው የሚቆጥረው የተኮሱትን ነው፤ ድስቱ ደግሞ የተኮሱትን የመገቡትን ይቆጥራል። ከቀለሃው ብቻ ታሪክ ብንጽፍ አንድ ሽፍታ ቡድን ተደመሰሰ የሚለውን የጣሊያን ዘገባ ሳናውቀው ደግመን እንጽፋለን። ድስቱን ስንጨምርበት የተደመሰሰው ማኅበረሰብ መሆኑ ይታያል። የጥናቱ ትልቁ ፍሬ ለእኔ ይህ ነው፤ አንድ የገል ስብርባሪ የአንድን ጦር ዘገባ ቃል ሊያስተባብል እንደሚችል ማሳየቱ።

ጎጃምም በእነዚያ ዓመታት ከዚህ የተለየ ኑሮ አልኖረም። የበላይ ዘለቀ፣ የደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና የልጅ ኃይሉ በለው ሰዎች ለዓመታት በጫካና በገደል ሲኖሩ በባዶ አልኖሩም። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ እስኪገቡ ድረስ ከዓባይ ገደል አፋፍ እስከ ጮቄ ጥግ ድረስ እንደ ዘረቱ ያለ ምድጃ የተጫረባቸው መጠጊያዎች ነበሩ። በእነዚህ ቦታዎች ሊፈለግ የሚገባው ጠመንጃ አይደለም፤ ጠመንጃውን ሰው ይዞት ሄዷል። ሊፈለግ የሚገባው የምጣድ ስብርባሪ ነው። ምጣድ ከባድ፣ ተሰባሪና ለመንገድ የማይመች ዕቃ ነው። የሚያቸኩለው ሰው ቆሎ ይቆላል፣ በሶ ይበጠብጣል፣ ቂጣ ይጋግራል። ሊጥ አቡክቶ፣ አስቦክቶ፣ በሰፊ ምጣድ እንጀራ የሚጋግር ግን ቢያንስ ለጥቂት ቀናት እቆያለሁ ብሎ የወሰነ ነው። በዋሻ ውስጥ የተገኘ የእንጀራ ምጣድ ስለዚህ የመቆየት ውሳኔ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ድንገተኛው መናወጥ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄደው ለውጥ ግን ከዚህ ይልቅ ሥር ይሰዳል፤ ለዚህም ጀበናን ምስክር እጠራለሁ። ዛሬ ጀበና የሌለበት የጎጃም ቤት ቤት አይመስለንም። በ1834 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በጎጃም ሲዘዋወር በየጁቤ አጠገብ በነበረው በታላቁ የበሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የመጣ ቡና በገፍ ይሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ የደጋው ክርስቲያን ቡናውን ያሳልፈዋል እንጂ አይጠጣውም ነበር፤ ቡና መጠጣት የእስላም ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበርና። ይህ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው ጠጡ፤ አቡነ ማቴዎስም ነገሩን አቀለሉት ይባላል። እንግዲህ የጀበና አንገትና እጀታ በአንድ የክርስቲያን መንደር የአፈር ድርብርብ ውስጥ ሲገኝ፣ የዘመን ምልክት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሃይማኖት ድንበር በኩል ያለ አንድ አጥር መፍረሱን ያመለክታል። ከጀበናው ጋር የመጣው ሲኒ ስሙ ራሱ ከዐረብኛ የተወሰደ ሆኖ «የቻይና» ማለት ነው፤ አንዲት የጎጃም ባልቴት ስኒዋን ስታጥብ የህንድ ውቅያኖስን ንግድ በእጇ ትይዛለች። ተቃራኒውን ለማየት የሚፈልግ ደግሞ የጋያ አናትን ይመልከት። ትምባሆ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የገባ ነውና ጋያ ለዘመን መለያ ይጠቅማል፤ አፄ ዮሐንስ ማጨስን በብርቱ ቅጣት በከለከሉበት ጊዜ ግን ጋያው ከምድጃ ዳር ተነሥቶ የሚደበቅ ዕቃ ሆነ። አዋጅ በማጀት ውስጥ የሚታየው እንዲህ ነው፤ ዕቃው የት እንደ ወደቀ በማየት።

ስለ ሸክላው ይህን ያህል ከተናገርሁ ስለ ሠሪዋ ዝም ማለት አግባብ አይሆንም። ከሞላ ጎደል ሁሉም የጎጃም ሸክላ የሴት እጅ ሥራ ነው። ያቺ ሴት ግን ሸክላዋን በገበያ የምንገዛት፣ በማዕድ ግን የማንቀላቀላት፣ ቡዳ ናት ብለን የምንሸሻት ሰው ነበረች፤ «ነበረች» ማለቴም ለማሳመር ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበር ያስረዳል። ለእኛ ሙያ ይህ ከግብረ ገብ ጥያቄ በላይ ነው። ሠራዊት ባለፈበት አገር ገበሬው ዕቃውን እንደገና ለማሟላት ወደ እነዚህ ሴቶች ይመለሳል፤ እነርሱም እንደ ሌላው ተሰደው፣ ጭቃ የሚያወጡበትን ቦታ ትተው ሄደው ከሆነ በሚቀጥሉት ዓመታት የሸክላው አፈር፣ የጠርዙ አሠራር፣ ጌጡ ይለወጣል። የአንድ አካባቢ የሸክላ ዓይነት በድንገት መለወጡ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ሕዝብ መምጣት ይተረጐማል። እኔ ይህን አተረጓጐም በጥርጣሬ ነው የማየው፤ ጥቂት ሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች መንደር መለወጣቸው ብቻ ተመሳሳይ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ይህን ለመለየት የሚያስችለን ዛሬ በሕይወት ካሉት ባለሙያዎች የሚገኝ ዕውቀት ነው፤ የትኛው አፈር ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደሚወጣ፣ ማን ከማን እንደ ተማረች። ይህን ዕውቀት በየዓመቱ እያጣነው ነው።

የሚያባርረው ዕቃም ከጦርነት የመጣ መሆኑ አይገርማችሁም? እንስራን የተካው ጀሪካን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለጀርመን ጦር የተሠራ የነዳጅ መያዣ ነበር፤ «ጀሪ» እንግሊዞች ለጀርመን ወታደር ያወጡት ስም ነው። እህል የሚሰፈርበት ጣሳ ከፋብሪካ ቆርቆሮ የመጣ ነው። በገጠር ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን እንደ ደወል የሚመታው የመድፍ ቀለሃ ለምን እንደ ተሠራ ልጆቹ አያውቁም። ቁና ከአውራጃ አውራጃ ይለያይ በነበረበት አገር ጣሳ አንድ ዓይነት መስፈሪያ ማምጣቱን ስናይ፣ የጦርነት ትርፍ ራፊ ያልታሰበ ሥራ እንደ ሠራ እንገነዘባለን። ፕላስቲክ አይሰበርም፤ ስለዚህም ስብርባሪ አይተውም። የእኛን ዘመን የሚቆፍር ሰው ከእኛ የባሰ ሥራ ይጠብቀዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከባዱም እርሱ ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255ን ባወጣ ጊዜ የጎጃም ባለ ርስት መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። በሞጣና በቢቸና በኩል ጠንከር ያለ ተቃውሞ ሆነ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻም አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ። ገብሩ ታረቀ የኢትዮጵያን የገበሬ ዐመፆች በመረመሩበት መጽሐፋቸው ይህን በሰፊው ጽፈውታል። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌና ባልቴት ናቸው። እቃው የት እንደ ተቀበረ፣ እህሉ የት እንደ ወረደ፣ ማን ተሸክሞ ማን እንደ ቀረ ሊነግሩን ይችላሉ። ቁፋሮ ሳያስፈልግ አፈሩን ከባለቤቱ አፍ የምንሰማበት የመጨረሻው ዘመን ይህ ነው።

ታዲያ ለምን አንጠይቅም? መጠየቅ አለብን፤ ግን መደበቂያ የሚሠራው ስላልታወቀ ነው። አንዲት እናት «እህላችንን እዚህ ነበር የምንቀብረው» ብላ ስትነግረን፣ ያንን በካርታ ላይ አስፍረን፣ በመዝገብ ላይ አትመን ስናወጣ፣ ምናልባት ነገ የምትፈልገውን ቦታ ዛሬ አውጥተን እየሰጠን ነው። ይህ በሩቅ ዘመን የሚቀር ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። የምንኖርበት ጊዜ ግን በብዙ ቤት አቁማዳው እንደገና የሚታሰርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትሰማሩ ተማሪዎች ጥቂት ነገር አደራ እላችኋለሁ። የመጠጊያ ቦታዎችን ትክክለኛ አቀማመጥ በምታስረክቡት ጽሑፍ ውስጥ አታስገቡ። የሰው ስም አትጻፉ። ያለ ፈቃድ አንድ ዶማ አትምቱ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል፤ ባይከለክልም የተቆፈረ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ አይነበብም። ከዚያ ይልቅ ባለቤቱ ከፈቀደ ባዶ የቀረን አንድ ቤት ወለል ለኩ፤ ወፍጮው የት እንዳለ፣ ጉልቻው መነሣት አለመነሣቱን፣ ጎታው ፈርሶ ወይስ ተሰብሮ እንደ ሆነ ሣሉ። ሸክላ ሠሪዋን ስትጠይቁ ዋጋዋን ክፈሉ፤ ቡናዋንም ጠጡ። የዕቃዎቹን ስም እርሷ እንደምትጠራው እንጂ እኛ እንደምናውቀው አትጻፉ፤ ከሞጣ እስከ ደምበጫ አንዱ ማሰሮ ስንት ስም እንዳለው ስታዩ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለመጻፍ በቂ ነገር ታገኛላችሁ።